ዌብ ሰርቨር ማሽኑ ነው ወይስ ፕሮግራሙ? ፋይሉ ደብል ክሊክ ሲደረግ ይከፈት የለም እንዴ?

አዲስ_ኮደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ብዙም አያስቸግሩኝም፣ ጃቫስክሪፕትም እየሞከርኩ ነው። «ዌብ ሰርቨር» የሚባለው ነገር ግን አልጨበጥ ብሎኛል። አንዱ ዳታ ሴንተር ውስጥ ያለ ትልቅ ኮምፒውተር ነው ይላል፣ ሌላው አፓቺ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ራሱ ሰርቨር ነው ይላል። ኢንዴክስ ፋይሌን ደብል ክሊክ ሳደርገው ብራውዘር ላይ አምሮበት ይከፈታል፤ ታዲያ ሰርቨሩ ምን ይጨምርልኛል? ዛምፕ (አፓቺን፣ ፒኤችፒንና ዳታቤዝን በአንድ የሚጭነው ጥቅል) ላይ አፓቺን ስታርት ስለው ደግሞ አረንጓዴ ይሆንና ወዲያው ይጠፋል። ከሥሩ አስረዱኝ። የሬስቶራንትና የአስተናጋጅ ምሳሌ ግን ይቅርብኝ፣ ዩቲዩብ ላይ ጠግቤዋለሁ።

ቀይ_ኬብል፦
ሦስቱም አልዋሹህም። ቃሉ ለማሽኑም ለፕሮግራሙም ይነገራል። የመጀመሪያው የዌብ ሰርቨር ማሽን የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ይሠራበት የነበረ ኔክስት ኮምፒውተር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ተራ ማሽን ስለሆነ ሰው እንዳያጠፋው «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፣ እንዳታጠፉት» የሚል ወረቀት በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎበት ነበር። ማሽኑን ሰርቨር ያደረገው ትልቅነቱ ሳይሆን ላዩ ላይ ሲሮጥ የነበረው ፕሮግራም ነው። ያንተም ላፕቶፕ ያን ፕሮግራም ስታስነሳበት ሰርቨር ይሆናል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ እናተኩር። አፓቺ፣ ኤንጂንኤክስ፣ ካዲ፣ የማይክሮሶፍቱ አይአይኤስ ሁሉም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፦ አንድ ፖርት (ማሽኑ ላይ ያለ ባለ ቁጥር መግቢያ በር) ይይዛሉ፣ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ በዚያ ፖርት በኩል ጽሑፍ ሲመጣላቸው አንብበው ጽሑፍ ይመልሳሉ። ጽሑፉ የሚጻፍበት ደንብ ኤችቲቲፒ ይባላል።

ከብራውዘሩ የሚመጣው ሪኩዌስት መጀመሪያ መስመሩ ላይ ሦስት ነገር ይዟል፦ ምን እንዲደረግ እንደተፈለገ (ጌት፣ ፖስት የሚባለው)፣ የሚፈለገው ነገር መንገድ (በሰያፍ መስመር የሚጀምረው) እና የኤችቲቲፒው ስሪት ቁጥር። ከሥር ሄደር የሚባሉ መስመሮች ይከተላሉ፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር፣ ፖስት ከሆነ ደግሞ ከባዶው መስመር በታች ፎርሙ ላይ የተሞላው ዳታ። ሰርቨሩ የሚመልሰውም በዚሁ ቅርጽ ነው፦ የስታተስ ቁጥር (200፣ 404 …)፣ ሄደሮች፣ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ኤችቲኤምኤሉ ወይም ፎቶው።

ከሄደሮቹ መካከል «ሆስት» የሚባለውን ለይተህ ያዘው። በኤችቲቲፒ 1.1 ግዴታ ነው፤ ከሌለ መልሱ 400 ነው። አንድ አይፒ አድራሻ (የማሽኑ የኔትወርክ ቁጥር) ላይ ብዙ መቶ ድረ ገጾች የሚኖሩት በዚህ መስመር ነው። ሰርቨሩ የትኛው ዶሜይን እንደተጠራ ከሆስት መስመሩ አንብቦ ፎልደሩን ይመርጣል። አዲስ ዶሜይን አገናኝተህ የሌላ ሰው ገጽ ወይም የሰርቨሩ «እንኳን ደህና መጣህ» ገጽ ከመጣብህ፣ ሰርቨሩ ያን ስም ኮንፊጉ ውስጥ አጥቶት ወደ ነባሪው ሳይት ወስዶሃል ማለት ነው።

ዓይንህ እንዲያምን ተርሚናል ላይ ከርል የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝ ትንሿ ቪ ጋር ጻፍና አንድ አድራሻ ስጠው። የሄደውንም የመጣውንም መስመር በመስመር ያሳይሃል። (ትእዛዞችን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ስትከትባቸው በላቲን ፊደል ነው።)

መስከረም_ድረገጽ፦
ስለ ደብል ክሊኩ እኔ ልመልስ። አድራሻ መጻፊያው ላይ ተመልከት። ደብል ክሊክ ስታደርግ አድራሻው «ፋይል» ብሎ ይጀምራል፣ በሰርቨር በኩል ሲመጣ ግን «ኤችቲቲፒ» ብሎ። በመጀመሪያው ብራውዘሩ ዲስክህን ራሱ ነው ያነበበው። ሪኩዌስት አልተላከም፣ ስታተስ የለም፣ ሄደር የለም፣ ኮድህን የሚያስኬድ ማንም መሀል ላይ የለም።

ተራ ገጽ፣ ሲኤስኤስና ፎቶ እንዲህም ይሠራሉ፣ ለዚህ ነው ልዩነቱ ያልታየህ። የሚሰበረው ትንሽ ቆይቶ ነው። ፒኤችፒ ፋይል ብትከፍት ኮዱ እንዳለ ይታያል ወይም ገጹ ባዶ ይሆናል። ፌች ብለህ የጄሰን ፋይል ብትጠራ ኮንሶሉ ላይ የኮርስ ኤረር (ብራውዘሩ ከሌላ ምንጭ የተጠራ ፋይል ሲያግድ የሚያወጣው) ይመጣል። ስክሪፕት ታጉ ላይ ታይፕ ሞጁል ብለህ ኢምፖርት ብትጠቀምም እንደዚያው ይታገዳል። በሰያፍ መስመር የሚጀምር ሊንክ ደግሞ ሰርቨር ላይ የሳይቱ ሥር ማለት ሲሆን፣ በፋይል ስትከፍተው የዲስኩ ሥር ይሆናል፤ ሲኤስኤሱ «ጠፋ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፓይተን ካለህ ተርሚናሉን ፕሮጀክትህ ፎልደር ውስጥ ከፍተህ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር 8000» በል፣ ከዚያ ብራውዘሩ ላይ ሎካልሆስት፡8000 ብለህ ግባ። ለፒኤችፒ ደግሞ «ፒኤችፒ ሰረዝ ትልቁ ኤስ ሎካልሆስት፡8000»። ቪኤስ ኮድ የምትጠቀም ከሆነ ላይቭ ሰርቨር የሚባለው ኤክስቴንሽን በ5500 ይነሳል። ሦስቱም እውነተኛ ዌብ ሰርቨሮች ናቸው፣ ለልምምድ የተሠሩ ትንንሽ መሆናቸው ብቻ ነው ልዩነቱ።

ዛምፕ ላይ ፋይሎችህ ሲ ድራይቭ፣ ዛምፕ ፎልደር፣ ኤችቲዶክስ ውስጥ መግባት አለባቸው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፋይል በሎካልሆስት አይመጣም፣ አፓቺ ከተሰጠው ፎልደር ውጭ አያይም። ኤችቲዶክስ ውስጥ «ሱቅ» የሚል ፎልደር ካለህ አድራሻው ሎካልሆስት፣ ሰያፍ መስመር፣ ሱቅ ነው። ኤችቲዶክስ የሚለው ቃል አድራሻው ላይ አይጻፍም።

ፒኤችፒ_አድባር፦
አረንጓዴ ሆኖ የሚጠፋው አፓቺ፦ ከአሥሩ ዘጠኙ ፖርት 80 ቀድሞ ተይዞ ነው። አንድን ፖርት በአንድ አድራሻ ላይ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈትና «ኔትስታት ሰረዝ ኤኤንኦ» በል። በ፡80 የሚያልቀውንና ሊስኒንግ የሚለውን መስመር ፈልግ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር የያዘው ፕሮሰስ መለያ ነው። ቁጥሩ 4 ከሆነ «ሲስተም» ነው፣ እሱን ታስክ ማኔጀር ውስጥ ልግደል እንዳትል። ከጀርባው አብዛኛውን ጊዜ አይአይኤስ ነው ያለው፤ ሰርቪስስ ውስጥ «ወርልድ ዋይድ ዌብ ፐብሊሺንግ ሰርቪስ» የሚለውን ስቶፕ አድርገው።

ማጥፋት ካልፈለግክ አፓቺን አዛውረው። ዛምፕ መቆጣጠሪያው ላይ ኮንፊግ የሚለውን ተጭነህ ኤችቲቲፒዲ ነጥብ ኮንፍን ክፈት፣ «ሊስን 80» የሚለውን «ሊስን 8080» አድርግ፣ ሰርቨርኔም የሚለውም መስመር ላይ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ አድራሻህ ሎካልሆስት፡8080 ነው፤ ቁጥሩን ትተህ ከገባህ ብራውዘሩ በራሱ 80 ላይ ነው የሚያንኳኳው። ለኤችቲቲፒኤስ ደግሞ 443 ላይ። ስለዚህ 443ም ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ እሱ የኤስኤስኤል ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ነው።

ማይኤስኪውኤልም (ዳታቤዙ) እንዲሁ ካስቸገረህ ፖርቱ 3306 ነው፣ አካሄዱ ያው ነው።

አዲስ_ኮደር፦
አፓቺ ተነሣ፣ አይአይኤስ ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ። አሁን ሎካልሆስት፡8000 ላይ ያለውን ገጽ ስልኬ ላይ ልክፈተው ብል «ሊደረስበት አልቻለም» ይላል። አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው። ሌላ ከተማ ላለ ጓደኛዬ ሊንኩን ብልክለትስ ይሠራል?

የሊኑክስ_ሰው፦
ሎካልሆስት ማለት «ይኸው ራሱ ማሽን» ነው፣ 127.0.0.1። ስልክህ ላይ ስትጽፈው ስልኩ ራሱ ውስጥ ነው የሚፈልገው፤ ጓደኛህም ጋ እንደዚያው። ሊንኩን መላኩን ተወው።

ለስልኩ ግን መንገድ አለ። ላፕቶፕህ ላይ «አይፒኮንፊግ» በል (ሊኑክስ ላይ «አይፒ ኤ»)፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ታገኛለህ። ስልኩ ላይ ያንን አድራሻና ፖርቱን ጻፍ። እምቢ ካለ ሁለት ነገር አረጋግጥ።

አንደኛው ሰርቨሩ የትኛው አድራሻ ላይ እንደሚያዳምጥ። የፓይተኑ ሰርቨር ሳትነግረው በሁሉም አድራሻ ነው የሚከፍተው (0.0.0.0 የሚባለው)። ስለዚህ ካፌ ዋይፋይ ላይ ሆነህ ካስነሣኸው ፎልደርህን ለካፌው ሁሉ እያሳየህ ነው። የፒኤችፒው ትእዛዝ ላይ ሎካልሆስት ብለህ ስለጻፍክ ግን ለራስህ ብቻ ነው የከፈትከው፤ በሎካልሆስት ፈንታ 0.0.0.0 በል። ቪት የምትጠቀም ከሆነም (ፖርት 5173) በሁለት ሰረዝ ሆስት የሚለውን ካልጨመርክለት ለሌላ ማሽን አይከፍትም።

ሁለተኛው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ዋይፋይህ «ፐብሊክ» ተብሎ ከተመዘገበ የሚገባውን ሁሉ ይዘጋል። የራስህ ቤት ዋይፋይ ከሆነ «ፕራይቬት» አድርገው።

ከሌላ ከተማ መግባት ሌላ ጣጣ ነው። 192.168 የቤትህ ውስጥ አድራሻ ብቻ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ የለም። ሞባይል ዳታ ላይ ደግሞ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አይፒ ስለሚጋሩ ማንም ወደ አንተ ማሽን ቀጥታ ሊመጣ አይችልም። አድራሻህ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ካረፈ በዚህ ዓይነት መጋሪያ ሥር ነህ፤ ራውተርህ ላይ ፖርት ብትከፍትም ዋጋ የለውም። ለማሳየት ያህል ከሆነ የተነል አገልግሎት (ላፕቶፕህን ከውጭ በሚደረስበት ጊዜያዊ አድራሻ የሚያገናኝ) ተጠቀም፣ ለዘለቄታው ከሆነ ሆስቲንግ ግዛ ወይም ተከራይ።

ኖድ_በጠዋት፦
ኖድ ራሱ ሰርቨር ነው ያሉህም ትክክል ናቸው። ኤክስፕረስ በሚባለው የኖድ ፍሬምወርክ ላይ «ሊስን 3000» ስትል ፕሮግራምህ ፖርቱን ይይዛል፣ ኤችቲቲፒ ያነባል፣ ይመልሳል። አፓቺ የሚባል ነገር አያስፈልግህም። ፒኤችፒን የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል፣ ምክንያቱም እዚያ ፖርቱን የሚይዘው አፓቺ ነው፣ ኮዱ የሚጠራው ሪኩዌስት ሲመጣ ብቻ ነው። ኖድ ላይ ግን ፕሮግራምህ ሁልጊዜ ሕያው ነው። ኮድ ስትቀይር ሪስታርት ካላደረግከው ለውጡ የማይታይህ፣ አንድ ያልተያዘ ኤረር ደግሞ ሰርቨሩን በሙሉ ይዞት የሚሞተው ለዚህ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ይኸው ነው፦ ከአፓቺም ከዛምፕም በፊት ኖድ ላይ ኤችቲቲፒ የሚለውን አብሮት የሚመጣ ሞጁል ብቻ ተጠቅመህ ሃያ መስመር ሰርቨር ጻፍ። መንገዱን በኢፍ ለይ፣ 200 መልስ፣ ያልታወቀውን 404 መልስ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ግልጽ ይሆንልሃል።

ቀይ_ኬብል፦
ልምምዱ ጥሩ ነው፣ «አያስፈልግም» የሚለው ግን ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። የተከራየኸው ሊኑክስ ማሽን ላይ ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶችን ተራ ተጠቃሚ አይዝም። ሰው 80ን ለማግኘት ሲል ኖድን በሩት (ሁሉ በተፈቀደለት ተጠቃሚ) ያስነሣዋል፤ ከዚያ ኮዱ ላይ አንድ ቀዳዳ ከተገኘ ማሽኑ በሙሉ ተወሰደ ማለት ነው። ኤንጂንኤክስ ከፊት ሲቆም 80ንና 443ን እሱ ይይዛል፣ የኤችቲቲፒኤሱን ሰርተፊኬት እሱ ያስተናግዳል፣ ፎቶና ሲኤስኤሱን ራሱ ከዲስክ ያድላል፣ የቀረውን ብቻ 127.0.0.1፡3000 ላይ ላለው ኖድ ያስተላልፋል። ሦስት አፕሊኬሽን ቢኖርህ በዶሜይን ስማቸው ወደ 3000፣ 3001፣ 3002 ይከፋፍላቸዋል። ኔትወርኩ የሚንቀራፈፍ ሰው ሲመጣም ምላሹን ከኖዱ ቶሎ ተቀብሎ ይይዝና ቀስ እያለ ያደርሰዋል፣ ኖዱ አይያዝም።

ኢጎር ሲሶዬቭ ኤንጂንኤክስን እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ለዚሁ ነበር፤ በአንድ ማሽን አሥር ሺህ ግንኙነት በአንድ ጊዜ መያዝ የዚያ ዘመን ራስ ምታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቺ በመጀመሪያ አሠራሩ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ ይመድባል። ዛሬ አፓቺም ሌላ አሠራር አለው፣ ለጀማሪ ሳይት ልዩነቱ አይሰማም።

ፓይተን ለምትሠሩ፦ ፍላስክ በ5000 የሚያስነሣው ሰርቨር ለልምምድ ነው፣ ራሱም ሲነሣ ይነግራችኋል። ለእውነተኛው ሥራ ጉኒኮርን ወይም መሰሉን ከመሀል አስገቡ።

ኖድ_በጠዋት፦
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ኤችቲኤምኤል ጨርሶ ለመጣ ሰው የኤንጂንኤክስን ኮንፊግ ማሸከም አይታየኝም። ሰርተፊኬቱንም ራሱ የሚያመጣው ካዲ በሦስት መስመር ይኸንኑ ይሠራል።

ቀይ_ኬብል፦
ካዲ ለራስህ ሳይት ግሩም ነው። ሥራ ስትገባ የምታገኘው ግን ሌላ ሰው ያስቀመጠውን ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቺ ነው፤ ማንበቡን ልመደው።

አዲስ_ኮደር፦
እሺ፣ ነገሩ እየገባኝ ነው። ግን አንድ ነገር ሲበላሽ የት እንደተበላሸ በምን አውቃለሁ? 404፣ 403፣ 502 ሁሉም «አልሠራም» ነው የሚመስለኝ።

ቀይ_ኬብል፦
ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ኤረር ባየህ ቁጥር «ማን ነው የመለሰልኝ?» በል። ከብራውዘሩ እስከ ኮድህ መሀል ቢያንስ አራት ተቀባዮች አሉ፦ ዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሙን ወደ አይፒ የሚተረጉመው)፣ ማሽኑ፣ ዌብ ሰርቨሩ፣ የአንተ ኮድ። እያንዳንዱ የሚመልሰው ይለያያል።

ብራውዘሩ ስሙን ማግኘት አልቻልኩም ካለ ዲኤንኤስ ላይ ነህ። ኤንጂንኤክሱን አትንካ፣ ሪኩዌስቱ እሱ ጋ አልደረሰም። «ኤንኤስሉካፕ» ብለህ ዶሜይኑን ጠይቅ፤ የወጣው አይፒ የማሽንህ መሆኑን አረጋግጥ።

«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ወዲያው ከመጣ ማሽኑ ተገኝቷል፣ በዚያ ፖርት ላይ ግን የሚያዳምጥ የለም። ሰርቨሩ አልተነሣም ወይም ሌላ ፖርት ላይ ነው። «ኤስኤስ ሰረዝ ቲኤልኤንፒ» ማን ምን እንደያዘ ያሳይሃል። ብዙ ሰከንድ ከጠበቀ በኋላ «ታይምድ አውት» ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል እየዋጠው ነው። የክላውድ ማሽን ከሆነ ሁለት ፋየርዎል ነው ያለህ፣ አንዱ ማሽኑ ውስጥ፣ ሌላው አከራዩ ድረ ገጽ ላይ። ሰው ውስጠኛውን ከፍቶ የውጭኛውን ይረሳል።

የስታተስ ቁጥር ካየህ እሰየው፣ እስከ ዌብ ሰርቨሩ ደርሰሃል። ከዚህ በኋላ ግምት አያስፈልግም፣ ሎግ (ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) አለ። ኡቡንቱ ላይ ቫር፣ ሎግ፣ ኤንጂንኤክስ ውስጥ ሁለት ፋይል ታገኛለህ፦ አክሰስ እና ኤረር። «ቴይል ሰረዝ ኤፍ» ብለህ ኤረር ሎጉን ከፍተህ ገጹን እንደገና ጥራው። በቅንፍ ውስጥ ያለውን ቁጥር እይ። 2 ከሆነ ፋይሉ የለም፤ ሰርቨሩ የፈለገበትን ሙሉ መንገድ እዚያው ጽፎልሃል፣ ካሰብከው ጋር አስተያየው። 13 ከሆነ ፋይሉ አለ፣ የማንበብ ፈቃድ ግን የለውም፤ ለጎብኚው 403 ሆኖ ነው የሚታየው። 111 ከሆነ ኤንጂንኤክሱ ከኋላ ያለውን ኖድ ወይም ፒኤችፒ ሲያንኳኳ የሚከፍትለት አጥቷል፤ ያ ነው 502። 504 ደግሞ ከኋላ ያለው ተገኝቶ በጊዜው አልመለሰም ነው፤ ሳይነኩት የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። 500 ከሆነ ኮድህ ራሱ ወድቋል፣ የኮድህን ሎግ ተመልከት።

404 ግን ሁለት ቦታ ይወለዳል። ነጭ ገጽ ላይ ከሥሩ የሰርቨሩ ስም የተጻፈበት ከሆነ የኤንጂንኤክሱ ነው፣ ፋይል አጥቶ። የአንተ ዲዛይን ያለበት ወይም ጄሰን ከሆነ ኮድህ ነው የመለሰው፣ ራውቱን ፈትሽ።

ኮንፊግ በነካህ ቁጥር «ኤንጂንኤክስ ሰረዝ ቲ» ብለህ ፈትነው፣ እሺ ካለ ሪሎድ አድርግ። አንድ ሴሚኮለን (;) ረስተህ ሪስታርት ካልክ የቆመው ሰርቨር አይነሣም፣ ላዩ ላይ ያሉት ሳይቶች ሁሉ ይወድቃሉ። ሪሎድ ግን ስሕተት ካገኘ በአሮጌው ኮንፊግ ይቀጥላል።

የሊኑክስ_ሰው፦
በ13 ላይ ልጨምር፦ ኡቡንቱ ከ21.04 ወዲህ የተጠቃሚ ሆም ፎልደር ፈቃዱ 750 ነው፣ ለሌላ ተጠቃሚ ዝግ ነው ማለት ነው። ሳይትህን ሆም ውስጥ አስቀምጠህ ኤንጂንኤክስን ወደዚያ ብትመራው፣ እሱ የሚሮጠው ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ሰረዝ ዳታ በሚባል ተጠቃሚ ስለሆነ ደጁን አያልፍም። የፋይሉን ፈቃድ ብትቀያይር ለውጥ የለውም፣ በመንገዱ ላይ ያለ ፎልደር ሁሉ ማለፊያ መስጠት አለበት። ሳይቱን ቫር፣ ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ሥር አድርገው፤ ፎልደር 755፣ ፋይል 644 ይበቃል። 777 ብሎ የሚመክርህን ሰው አትስማ።

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስታዛውር ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ዊንዶውስ ላይ «ሎጎ» በትልቅ ፊደል ተጀመረ በትንሽ ለውጥ የለውም፤ ሊኑክስ ላይ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። «እኔ ጋ ይሠራል፣ ሆስቲንጉ ላይ ፎቶው ጠፋ» የሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ፊደል_በኮድ፦
የእኔ ጥያቄ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ገጼ አማርኛ ነው። ላፕቶፕ ላይ በትክክል ይታያል፣ ሆስቲንግ ላይ ስሰቅለው ግን ጽሑፉ በሙሉ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 ብዬ ጽፌያለሁ።

መስከረም_ድረገጽ፦
ሜታው ይሸነፋል፣ ለዚያ ነው። ሰርቨሩ ኮንተንት ታይፕ በሚለው ሄደር ላይ ቻርሴት ከላከ ብራውዘሩ የሚያምነው እሱን ነው። አንዳንድ ሆስቲንግ አይኤስኦ-8859-1 ብሎ ይልካል። መሠረታዊው የግዕዝ ሰንጠረዥ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው፣ የመጀመሪያውም ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ያ ባይት ለብቻው በላቲን ሲነበብ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ትንሽ ኤ ይሆናል። ገጽሽ ላይ ያች ፊደል በየቦታው ከተደጋገመች ዳታው ደኅና ነው፣ አነባበቡ ነው የተሳሳተው።

«ከርል ሰረዝ ትልቁ አይ» ብለሽ አድራሻውን ጥሪ፣ ኮንተንት ታይፕ የሚለውን መስመር እዪ። አፓቺ ከሆነ ኤችቲአክሰስ የሚባለው ፋይል ውስጥ (ስሙ በነጥብ ይጀምራል) «አድ ዲፎልት ቻርሴት ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መስመር ጨምሪ። ኤንጂንኤክስ ከሆነ ሰርቨር ብሎኩ ውስጥ «ቻርሴት ዩቲኤፍ-8»።

ጽሑፉ ከዳታቤዝ የሚመጣ ከሆነና የሚታየው የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰንጠረዡ ወይም ግንኙነቱ ላቲን1 ሆኖ ሲጻፍ ነው ፊደሎቹ የተጣሉት፣ ተመልሰው አይመጡም። ከ8.0 በፊት የነበረው ማይኤስኪውኤል ነባሪው ላቲን1 ነበር። ሰንጠረዡንም፣ ከፒኤችፒ የሚከፈተውንም ግንኙነት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርገሽ ጽሑፉን እንደገና አስገቢ።

ኖድ_በጠዋት፦
ኖድ ላይም የአማርኛ ወጥመድ አለ። ኮንተንት ሌንግዝ ሄደርን በእጁ የሚሞላ ሰው የስትሪንጉን ሌንግዝ ይሰጠዋል። «ሰላም» ለጃቫስክሪፕት ርዝመቱ 3 ነው፣ መስመሩ ላይ ግን 9 ባይት ነው። ብራውዘሩ 3 ባይት ተቀብሎ «ሰ» ብቻ ያሳይና ጨረስኩ ይላል። በእንግሊዝኛ ስትሞክረው በትክክል ስለሚሠራ ምክንያቱ አይታይህም። በፈር ነጥብ ባይትሌንግዝ ተጠቀም፣ ወይም ሄደሩን ለኖድ ተውለት።

ፒኤችፒ_አድባር፦
ሳይት ልትሰቅሉ ስትሉ ይቺን አትለፏት። ሰርቨሩ የተሰጠው ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ፣ ሊንክ ባይኖረውም፣ ስሙን የገመተ ሰው ይወስደዋል። ኢኤንቪ የሚባለው የፓስወርድ ፋይል፣ የጊት ፎልደር፣ «ባካፕ ዚፕ» … እነዚህን ስሞች ቀኑን ሙሉ እየዞሩ የሚያንኳኩ ቦቶች አሉ፣ አክሰስ ሎጋችሁን ብታዩ ታገኟቸዋላችሁ። ላራቬል የሚባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ «ፐብሊክ» የሚል ፎልደር ያለው ለዚህ ነው፤ ሰርቨሩን ወደዚያ ምሩት እንጂ ወደ ፕሮጀክቱ ሥር አትምሩት።

ኤንጂንኤክስ ደግሞ ፒኤችፒን በራሱ አያስኬድም። ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ለሚባለው ያስተላልፋል። የማስተላለፊያው ብሎክ ከጠፋ ፒኤችፒ ፋይላችሁን እንደ ተራ ፋይል ያወርደዋል፣ ከነዳታቤዝ ፓስወርዱ። ገጹን ስትከፍቱ «ዳውንሎድ» ከጀመረ ሳይቱን ወዲያው ዝጉና ፓስወርዱን ቀይሩ።

ፎቶ መጫን 413 ካለባችሁ የኤንጂንኤክሱ ገደብ ነው፣ ነባሪው 1 ሜጋባይት ነው። እሱን አሳድጋችሁ አሁንም ካልሆነ ፒኤችፒ ራሱ ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለፎርሙ በጠቅላላ 8 ሜጋባይት ገደብ አለው። ሦስቱንም ነው የምታስተካክሉት።

አዲስ_ኮደር፦
የፍራንክፈርት ማሽን ተከራይቼ ልሰቅል ነው። ከአዲስ አበባ ሲከፈት ይዘገያል ይባላል፣ ሰርቨሩን ትልቅ ባደርገው ይፈጥናል?

የሊኑክስ_ሰው፦
ርቀቱን ትልቅ ማሽን አያሳጥረውም። አዲስ አበባና ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ግንኙነት ለመክፈት አንድ ዙር፣ በቲኤልኤስ 1.3 ለመመስጠር አንድ ዙር፣ ገጹን ለመጠየቅ አንድ ዙር ይሄዳል። ዙሩ 150 ሚሊሰከንድ ከሆነ የመጀመሪያዋ ፊደል ሳትታይ 450 አለፈ። ስለዚህ ዙር ቀንስ፣ ክብደት ቀንስ።

ከስልክ የወጣውን 4 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ አትስቀለው። ስማቸው ለማይቀየር ፋይሎች ካሽ ኮንትሮል ሄደር (ብራውዘሩ ፋይሉን እንዲያስቀምጥ የሚነግረው) ስጥ፣ ሁለተኛ ሲገባ ጭራሽ አይጠይቅም። ጂዚፕ (ፋይሉን ጨምቆ የሚያልከው) መብራቱንም አረጋግጥ፦ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ኤንጂንኤክሱ ጂዚፕ «ኦን» ነው፣ ጂዚፕ ታይፕስ የሚለው መስመር ግን ኮሜንት ሆኖ ስለሚመጣ የሚጨመቀው ኤችቲኤምኤል ብቻ ነው። ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕቱ በሙሉ ክብደታቸው ይወርዳሉ። የኮሜንት ምልክቱን አንሣ።

ሰርተፊኬቱን ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ታገኛለህ፣ ዕድሜው 90 ቀን ነው፣ ሰርትቦት ራሱ ያድሰዋል። ብዙ ሰው ኤችቲቲፒኤስ ከሠራለት በኋላ «80 ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ብሎ ፋየርዎሉ ላይ ይዘጋዋል። የተለመደው እድሳት የሚረጋገጠው በ80 በኩል ነው፤ ክፍት ተወውና ወደ ኤችቲቲፒኤስ እንዲያዛውር አድርግ።

አዲስ_ኮደር፦
ማዛወሩን ሞከርኩት፣ በ301። አድራሻውን ተሳስቼ ስለነበር ኮንፊጉን አስተካክዬ ሪሎድ አልኩ፣ ብራውዘሩ ግን አሁንም ወደ ድሮው ይወስደኛል። ሰርቨሩ አልሰማኝም?

ቀይ_ኬብል፦
ሰርቨሩ ሰምቶሃል፣ አሁን የመለሰልህ ብራውዘርህ ነው። 301 «ለዘለቄታው ተዛውሯል» ስለሆነ ብራውዘሩ ያስቀምጠዋል፣ ሁለተኛ ሰርቨሩን አይጠይቅም። አክሰስ ሎጉን ከፍተህ ገጹን ጥራው፤ አዲስ መስመር ካልተጨመረ ሪኩዌስቱ ከላፕቶፕህ አልወጣም። ከርል ካሽ ስለሌለው ትክክለኛውን ያሳይሃል። የብራውዘሩን ካሽ አጥራ፣ አድራሻው እስኪረጋ ድረስ ደግሞ በ302 ሞክር።